ማማሰያው ሲቆም

ባጃጁ በሐረር በር ሾልኮ ወደ ጀጎል ሲገባ፣ ድሬሰር ለገሠ በአንድ እጁ የባጃጁን ብረት በሌላው የቆዳ ቦርሳውን ጨብጦ «ቶሎ በል እንጂ ደረጀ!» ይል ነበር። ሹፌሩ ደረጀ የአፍ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ፣ «ጋሼ፣ ክንፍ የለውም እኮ» እያለ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ቀኑ ግንቦት 17፣ 2012 ዓ.ም. ነው፤ የዒድ አልፈጥር ማግስት። በደኅናው ዘመን ቢሆን ይህ መንገድ በአዲስ ልብስ፣ በሽቶና በልጆች ጩኸት ይሞላ ነበር። ዘንድሮ ግን ኮሮና ሰዉን በየቤቱ ከትቶታል፤ ሶላቱም በየቤቱ ነው የተሰገደው። እስከ ፈረስ መጋላ ድረስ ያገኟቸው ሁለት ፍየሎችና አንድ የሰለቸው ፖሊስ ብቻ ነበሩ።

በስልክ የጠራችው ፈርዶሳ ነበረች፤ የሐልዋ ሠሪው የራሺድ ልጅ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «ጋሽ ለገሠ፣ ወንድሜ ዐድናን ሲነጋ መነሣት አቃተው። እጁም እግሩም አይታዘዝለትም። ዓይኑ ብቻ ነው የሚያየን» አለችው።

ዓይኑ ብቻ። ለገሠ ከዚያ ቤት ይህ ቃል እንዳይመጣበት ሃያ ስምንት ዓመት ሲፈራ ኖሯል።

ከፈረስ መጋላ ወዲያ ባጃጅ አይገባም። ሹፌሩን «እዚሁ ጠብቀኝ፣ እንዳትንቀሳቀስ» ብሎት በእግሩ ወረደ። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጭር ብሏል። ባለፈው ሳምንት ዐድናን እዚህ ደጃፍ ላይ የሲንጀር ስፌት መኪናውን እየረገጠ የአፍ መሸፈኛ ሲሰፋ አይቶት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እግሩ ከመኪናው ፔዳል ላይ ወርዶ አያውቅም ይባልለታል።

ለገሠ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። በወረቀት ማዕረጉ ድሬሰር ነበር። ጀጎል ውስጥ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነውና ግማሹ ሰው ዶክተር፣ ግማሹ ጋሽ ለገሠ ይለዋል። እሱም አንዱንም አርሞ አያውቅም፤ ሹመት በሰው አፍ ሲመጣ ማን ይጠላል? በራሺድ ቤት ብቻ ነበር ዶክተር ሲሉት የሚያመው።

በ1984 ዓ.ም.፣ ያኔም የዒድ ማግስት፣ የራሺድ ታናሽ እህት ሐሊማ እንዲሁ አልነሣም ብላ ቀርታ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መንግሥት ተለውጦ አገሩ ገና ያልረጋበት፣ ሐኪም እንደ ዝናብ የሚናፈቅበት ጊዜ ስለነበር ቤተሰቡ ወጣቱን ድሬሰር ለምነው አመጡት። ለገሠም «ደክማ ነው» ብሎ ፈረደ። ከግድግዳው ላይ አንድ የስፌት ሙዳይ አውርዶ፣ በምስማሩ ላይ የግሉኮስ ጠርሙስ ሰቀለላት። ጠብታው ሲወርድ ሐሊማ በዓይኗ ትከተለው ነበር። ሁለተኛው ጠርሙስ ሳያልቅ፣ የከሰዓት በኋላው የዓሱር ሶላት አዛን ከመሰማቱ በፊት፣ ትንፋሿ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ለገሠ የሚንጠባጠብ ነገር አይወድም። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣባት ሐረር ሰው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሲሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ባልዲ ይዞ ይሮጣል። እሱ ግን ሄዶ ይዘጋዋል። ሚስቱ ንግሥት መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ በኋላ ተወችው።

የራሺድ ቤት በር ገርበብ ብሎ ነበር። ለገሠ ጫማውን አውልቆ ሲገባ ዓይኑ በቀጥታ የሄደው ወደ ምስማሩ ነው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር በስፌትና በሳሕን የተሸፈነ ነው፤ ያቺ አንዲት ምስማር ግን ከሐሊማ ቀብር በኋላ ምንም ሳይሰቀልባት ባዶዋን ኖራለች። ዛሬ ባዶ አልነበረችም። የግሉኮስ ከረጢት ተንጠልጥሎባታል። ቱቦውም ተሰክቶ፣ መርፌ ብቻ ይጠብቃል።

«መጡልን ዶክተር!» አለ ራሺድ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ክንዱ ሐልዋ በማማሰል የፈረጠመ ሰው ነው። «ሁሉን አዘጋጅቼልዎታለሁ። ከፋርማሲ ገዝቼ መጣሁ። እርስዎ ይስኩለት ብቻ።»

ዐድናን ነደባ በሚባለው በቀይ አፈር በተለቀለቀው መደብ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ራስጌው ላይ አያቱ ተቀምጠዋል፤ የሐሊማ እናት፣ ሰፈሩ በሐረሪ የአክብሮት አጠራር አባይ ዐፋፍ የሚላቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በጉልበታቸው ላይ አንድ ሳሕን ሐልዋ ይዘዋል። ጣታቸው በሐልዋና በማር ተለውሷል።

«ትንሽ ትንሽ እያቀመስኩት ነው ልጄ፤ ጉልበት ይሁነው ብዬ» አሉ።

«ተዉት! እባክዎ አባይ፣ ይተዉት!» ብሎ ጮኸ ለገሠ። በዚህ ቤት ጮኾ አያውቅም ነበርና ሁሉም ደነገጡ።

የልጁን ክንድ አነሣው፤ ሲለቀው እንደ እርጥብ ጨርቅ ወደቀ። ጉልበቱን መታው፤ እግሩ አልመለሰም። ቆዳው ሲቆነጠጥ ግን ዓይኑ ሕመሙን ያሳያል። ደረቱ ላይ ጆሮውን ሲለጥፍ ልቡ አንዳንዴ ትዘላለች፤ ትንፋሹም አጥሯል። ዐድናን ዓይኑን ወደ ከረጢቱ አዙሮ እንደገና ወደ ለገሠ መለሰው። ለገሠ አወቃት። ያቺው ዓይን ናት፤ ሐሊማ ተመልሳ መጥታ እዚያው ቦታዋ ላይ የተኛች መሰለው።

«አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለበት» አለ።

«ወላሂ አይሄድም!» አለ ራሺድ። «ሰሞኑን ሆስፒታል የገባ ሁሉ ኮሮና ነው ተብሎ ኳረንታይን ይገባል። ቢሞትብኝ ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን፣ ላስቲክ የለበሱ ሰዎች ይቀብሩታል። ለሐሊማ እንዳደረጉት እዚሁ ያድርጉለት። ዕድሜዋ አልቆ ነው እንጂ እርስዎ የቀረዎት ነገር አልነበረም።»

እውነቱን ለመናገር ለገሠ አንድ አፍታ አመነታ። ሌላ ሰበብ ፈልጎ ልጁን ማስወጣት ይችል እንደሆነ አሰበ። የልብ በሽታ ነው ልበል? ለራሺድ ግን «እምቢ» ማለት የሚቻለው ምክንያቱ ከተነገረው ብቻ ነው። ምክንያቱ ሲነገር ደግሞ ጥያቄው ሐሊማ ላይ መድረሱ አይቀርም። ለገሠ ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን የክብር ቦታ ትቶ ጫማ በሚወልቅበት ደፍ አጠገብ ቆመ።

«ራሺድ፣ ሐልዋ ስትሠራ ማማሰያውን ብታቆም ምን ይሆናል?»

«አሁን የሐልዋ ወሬ ነው?»

«ንገረኝ።»

«ይይዛል፣ ያርራላ! ሌላ ምን ይሆናል!»

«ሥጋችን ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ሕዋስ እንዳንተ ድስት ናት። የማያርፍ ማማሰያ አላት። ሶዲየም የሚባለው፣ የገበታ ጨው ውስጥ ያለው፣ ከውጭዋ ይበዛል። ፖታሲየም የሚባለው ወንድሙ ከውስጧ ይበዛል። ማማሰያዋ ሦስት ሶዲየም ያወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ተኝተንም ቢሆን፣ ጾመንም ቢሆን። የገባው ፖታሲየም ደግሞ በቀጭን ቀዳዳ እየሾለከ ይወጣል፤ ሲወጣ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚወጣ ውስጧ ከውጭዋ ጎድሎ ይቀራል። የምንንቀሳቀሰው በዚያች ጉድለት ነው። ዐሥራ አምስት ሕዋስ ቢደመር አንድ የባትሪ ድንጋይ አያክልም፤ ግን እሷ ከሌለች ጣት አይነሣም። የነርቭ ጅማቱ ሲያዛት በሯ ይከፈታል፣ ሶዲየም ተግተልትሎ ይገባል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።»

ራሺድ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ለገሠ ቸኮለ።

«ሰው ጣፋጭ ሲበላ ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከስኳሩ ጋር ወደ ሕዋስ ይገባል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን በዘር የሚወረስ ጉድለት አለ። የደሙ ፖታሲየም ሲያንስ ሕዋሷ ያቺን ኤሌክትሪኳን መያዝ ያቅታታል፤ በሮቿም ተቆልፈው ይቀራሉ። ትእዛዙ ይመጣል፣ የሚታዘዝ ግን የለም። ልጅህን ጂን አልያዘውም፣ ኮሮናም አይደለም። ሠላሳ ቀን ጾሞ ትናንት የበላው ሐልዋ ነው።»

«የእኔ ሐልዋ?» አለ ራሺድ፤ ልጁ ከታመመበት በላይ የተሰደበ ይመስል። «አባቴም አያቴም የሠሩት ሐልዋ?»

«አንተስ ወጣት ሳለህ ከዒድ በኋላ ጠዋት ጠዋት እግሬ ይከብደኛል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል ትል አልነበረም? ሐልዋ ስትሠራ እንጂ ስትበላ አይቼህ አላውቅም። ሰውነትህ ነግሮህ ነው።»

ራሺድ እግሩን ቁልቁል አየ። 

«ያ ከረጢት ደግሞ» አለ ለገሠ ወደ ምስማሩ እየጠቆመ፣ «በመርፌ የሚገባ ሐልዋ ነው።»

ቤቱ ውስጥ የዐድናን አጭር ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ራሺድ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ታዲያ ሐሊማን… ለሐሊማ እኮ ሁለት ጠርሙስ ሰጥተዋታል።»

«ሰጥቻታለሁ። በዚያች ምስማር ላይ ሰቅዬ ሰጥቻታለሁ። የገደላትም እሱ ነው። ያኔ አላውቅም ነበር። በ1989 ስልጠና ላይ አንድ መምህር ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሣለልን። ሐረር የሚመጣ አሠልጣኝ ሁሉ የጀጎልን ግንብ ምሳሌ ማድረግ ይወዳልና እሱም ግንብና በር እያለ ያስቀን ነበር። መጨረሻ ላይ ‹እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ግሉኮስ እንዳትሰጡ› አለ። እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት እያወቅሁ ዝም አልኳችሁ። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ራሺድ በሁለት እርምጃ ደረሰበትና ኮሌታውን ጨመደደው። «አንተ!» አለ። በዕድሜው አንተ ብሎት አያውቅም። «በየዓመቱ የሸዋል ዒድ እናቴ የምትልክልህን የሐልዋ ሳሕን እየበላህ!»

«በልቼው አላውቅም። አንድም ቀን አልወረደልኝም።»

«ልቀቀው ራሺድ» አሉ አባይ ዐፋፍ።

ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። ያቺን ማር የነካች ጣታቸውን ከፊታቸው አንሥተው ያዩዋታል። ከዚያ ወደ ለገሠ ዞሩ።

«ያን ቀን ሁሉም ለዙሁር ሶላት ሲነሡ አንተ ልጄ ግድግዳውን ተደግፈህ ነበር። ‹ምንም እንዳትቀምስ› ብለኸኝ ነበር። ከንፈሯ ደርቆ አየሁት። ሐልዋ በማር ለወስኩና በዚህች ጣቴ አቀመስኳት፤ ሦስቴ። ቀና ስል ዓይንህ ተገልጦ አየሁት። ዓሱር ሳይደርስ ልጄ ሞተች። እኔ አንቄያት ነው አልኩ። ለማንም አልተናገርክብኝም። ያን ሳሕን ለምን የምልክልህ ይመስልሃል? ያየኸውን ስለደበቅህልኝ ነው።»

 «አላየሁም አባይ» አለ ለገሠ። «ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኜ አልተኛሁም ነበር፤ ያን ሰዓት እንቅልፍ ጣለኝ። ዓይኔ ተገልጦ ከነበረም እንቅልፍ ነው። ምንም አላየሁም።»

ሁለቱ አዛውንት ተያዩ። ሃያ ስምንት ዓመት አንዱ የሌላውን ዝምታ ምሕረት አድርጎ ቆጥሮ ኖሯል። ሳሕኑ ሲሄድና ሲመጣ፣ ለካስ የተሸከመው የሁለት ሰው ጭንቀት ኖሯል።

ራሺድ ኮሌታውን ለቀቀ። ወደ ግድግዳው ሄዶ ከረጢቱን ከነቱቦው መንጭቆ መሬት ላይ ጣለው። «ውሰደው» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ልጄን ውሰደው። ከተነሣልኝ ግን እግርህ ይህን ደፍ እንዳይረግጥ።»

ቃሬዛ የሚገኘው መስጊድ ነበር፤ እሱም የጀናዛ፣ የሬሳ መሸከሚያ ነው። ራሺድ ልጁን በእሱ አላስነካም አለ። በብርድ ልብስ አድርገው አራት ሆነው አራቱን ጫፍ ያዙ፤ ራሺድና ፈርዶሳ ከፊት፣ ለገሠና አንድ ጎረቤት ከኋላ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ክንዳቸው ግድግዳውን ይታከካል። በየደጁ የተቀመጡ ሰዎች አስከሬን መስሏቸው እየተነሡ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላሉ። ራሺድም በእያንዳንዱ ደጅ «ሕያው ነው! ልጄ ሕያው ነው!» እያለ ይጮኻል። ብርድ ልብሱ ውስጥ ያለው ዓይን ወደ ሰማይ ተተክሎ፣ የሚሰማውን ሁሉ እየሰማ ያልፋል።

በደረጀ ባጃጅ ሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ጠባቂው የግንባራቸውን ሙቀት ለክቶ «አንድ አስታማሚ ብቻ» አለ። ራሺድ ገባ። ለገሠ በአጥሩ ብረት በኩል፣ መሸፈኛና መነጽር ለደራረበችው ወጣት ሐኪም «ግሉኮስ እንዳትሰጡት! ፖታሲየሙን ለኩለት፣ ልቡን በኢሲጂ እዩት! ቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ የሞተች አለች!» ብሎ ጮኸ። ሐኪሟ አንዴ ዘወር ብላ አየችውና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ግንቡ ሥር ቁጭ አለ። ደረጀ ውሃ ገዝቶ አመጣለት፤ አልጠጣውም።

የዓሱር አዛን ሲጀምር ልቡ ቀጥ ልትል ደረሰች። አዛኑ አለቀ። ማንም እያለቀሰ አልወጣም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሺድ ወጣና አጠገቡ ሲደርስ ሳይቆም፣ «ፖታሲየሙ በጣም ወርዶ ነበር አሉ። ጣቱን አንቀሳቅሷል» ብሎት አለፈ። ለገሠ እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዒድ አልፈጥር ስምንተኛው ቀን፣ ስድስቱ የሸዋል ቀን ጾም ሲፈጸም ሐረሪዎች የሚያከብሩት የሸዋል ዒድ ነበር። በሌላ ዓመት በዚህ ቀን ሳሕኑ ረፋድ ላይ ይመጣል፤ ለገሠም ክዳኑን ሳይከፍት ለሰፈሩ ዘበኛ ይሰጠዋል። ዘንድሮ ግን ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀው ዋለ። አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ግን በሩ ተንኳኳና ዐድናን ባዶ እጁን፣ በዝግታ ግን በገዛ እግሩ ገባ።

«ደፋችንን እንዳይረግጡ ተብለዋል» አለ ፈገግ ብሎ። «እኔ የእርስዎን እንዳልረግጥ ያለኝ የለም።»

ሻይ ያለ ስኳር ቀረበለት። ብርጭቆውን በመዳፉ አሽከረከረ።

«ያን ቀን ያላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ ጋሽ ለገሠ። ስለ አክስቴም። እሷ የነበረችበት ቦታ ደርሶ የተመለሰ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ልንገርዎት ብዬ ነው። ሕመም የለውም። መርፌውም፣ ከረጢቱም አላስፈራኝም። የሚያስፈራው ሰው ከአጠገቤ ሲነሣ ነው። ተመለሱ ማለት አልችልም። ዓይኔን ያያችሁ ጊዜ ግን እኔ አለሁ እል ነበር።» ብርጭቆውን አስቀምጦ ጠየቀ። «አክስቴ ስትሞት እርስዎ አጠገቧ ነበሩ?»

ለገሠ መዋሸት አልቻለም። «ተኝቼ ነበር» አለ።

ይህ ከጠርሙሱ የከፋ ሆኖ ገባው። መድኃኒቱን አላወቀም ነበር፤ መተኛቱን ግን ያውቅ ነበር። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ ድንገት ቀና አለ። ነቅቶ አጠገቧ የነበረ አንድ ሰው ነበር። ከጎኗ ሳይነሣ በጣቱ ከንፈሯን የነካት ሰው። «ና እንሂድ» ብሎ ዐድናንን እጁን ይዞ አስነሣው።

የራሺድ ቤት በር ክፍት ነበር። ለገሠ ደፉን አልረገጠም፤ ውጭ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። አባይ ዐፋፍ ከውስጥ ተቀምጠዋል። ከግቢው ጓሮ የማማሰያ ድምፅ ይሰማል፤ ራሺድ ለበዓሉ ገበያ ሐልዋ እየሠራ ነው።

«አባይ» አለ ለገሠ ጮክ ብሎ፣ «ሐሊማ ያን ቀን ብቻዋን አልነበረችም። እኔ ተኝቼ ነበር፣ ሌላው ሶላት ላይ ነበር። እርስዎ ነበሩ። ጣትዎ ከንፈሯ ላይ ነበር።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዓይኗ ጣቴን ይከተለው ነበር» አሉ። «አቁሚ የምትለኝ ይመስለኛል፣ እስከ ዛሬ። ሌት ተቀን እሱ ነው የሚታየኝ።»

«አይደለም» አለ ዐድናን። ደፉን አልፎ ገብቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። «አትሂጂ ነው ያለችዎት አባይ። እኔም ያልኩዎት ይህንኑ ነበር።»

አባይ ዐፋፍ ያቺን ጣት በሌላው እጃቸው ጠቅልለው ያዙ። ለቅሶ አልነበረም፤ ትንፋሽ ብቻ፣ ረጅም።  ከጓሮ ይመጣ የነበረው የማማሰያ ድምፅም መቆሙን ለገሠ የሰማው ያኔ ነው። ማማሰያው ቆሞ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ስኳር ሽታ በበሩ በኩል ወጣ። ራሺድ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድስት ሙሉ ሐልዋ አሳረረ።